የጌም መሪ ጥንካሬ ስንት ላይ ይሁን? ስለ ፎርስ ፊድባክ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ጅማ፣ ኮቺ አካባቢ በተከራየሁት ክፍል ጥግ ላይ አንድ የጌም መሪ፣ ማለትም የኮምፒውተር መኪና ጌም የሚነዳበት መሪ፣ ከጠረጴዛ ጋር ተጣብቆ ይኖራል። የሰፈር ልጆች፣ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች፣ አንዳንዴም እውነተኛ መኪና የሚነዱ ሰዎች ሊሞክሩት ይመጣሉ። ገና ከመቀመጣቸው የሚጠይቁት አንድ ነው፦ «ማጠንከሪያው የት ነው?» ማጠንከሪያውን ማሳየት ቀላል ነው። ጊዜ የሚወስደው እኔ ለምን ወደ ታች እንደማወርደው ማስረዳቱ ነው። ደጋግሜ ከማወራው ብጽፈው ይሻላል ብዬ ተቀመጥኩ።

ፎርስ ፊድባክ ማለት መሪው መንቀጥቀጡ ነው?

አይደለም። በእጅ የሚያዘው የጌም መቆጣጠሪያ ውስጥ ያለው ንዝረት ግራን ከቀኝ አይለይም፤ አንድ ነገር እንደተፈጠረ ብቻ ያሳውቃል። ፎርስ ፊድባክ ግን ከመሪው ዘንግ ጋር የተያያዘ ሞተር መሪውን ወደ አንድ ወገን፣ በተለካ ጉልበት ሲጎትት ነው። ጌሙ የፊት ጎማዎቹ ላይ ያለውን ጫና በየቅጽበቱ እያሰላ ለሞተሩ «አሁን ይህን ያህል ወደ ግራ፣ አሁን ቀነስ» ይለዋል።

እውነተኛ መኪና ሲታጠፍ ጎማዎቹ መሪውን ወደ መሃል ለመመለስ ይታገላሉ። ኩርባው እየጠበቀ ሲሄድ ትግሉ ይጨምራል። የፊት ጎማ መሬት የመያዝ አቅሙ ጫፍ ላይ ሊደርስ ጥቂት ሲቀረው ግን ይህ የመመለስ ጉልበት አስቀድሞ መላላት ይጀምራል። መሪው እጅዎ ላይ ድንገት ቀለል ካለ «ከዚህ በላይ ብታጥፈኝ እንሸራተታለን» እያለዎት ነው። ከዚህ በታች የምጽፈው ቅንብር ሁሉ ይህችን መቅለል በጊዜ ለመስማት የሚደረግ ነው። መሪው ከባድ ሆኖ ይህችን ካልነገረኝ ጉልበቱ ለእኔ ምንም አይደለም።

እሺ፣ ስንት ላይ ላድርገው? አንድ ቁጥር ስጠኝ።

ቁጥር እሰጣለሁ፤ መነሻ እንጂ መድረሻ አይደለም።

መጀመሪያ ሁለት የተለያዩ ቦታዎች ላይ ጥንካሬ እንደሚስተካከል ይወቁ። አንደኛው ከመሪው ጋር የሚመጣው የአምራቹ ሶፍትዌር ነው። ሁለተኛው ጌሙ ውስጥ ያለው «ጌይን» የሚባለው ነው። ብዙ ሰው ሁለቱን አንድ አድርጎ ስለሚያይ አንዱን ሲያወርድ ሌላውን ሲያወጣ ይውላል። በአጭሩ የጌሙ ጌይን መልእክቱ ሳይቆረጥ እንዲደርስ የሚያደርግ ነው። የሶፍትዌሩ ቁጥር ደግሞ የደረሰው መልእክት እጅዎ ላይ ምን ያህል እንዲከብድ የሚወስን ነው።

መሪዎ እንደ ሎጂቴክ ጂ29 በጥርስ (በማርሽ) ወይም በቀበቶ የሚሠራ ከሆነ የሶፍትዌሩን ቁጥር 100 ላይ ይተዉት፤ ሞተሩ ድሮም ብዙ ጉልበት ስለሌለው የሚቀነስ ነገር የለም። የጌሙን ጌይን 70 ላይ ያድርጉና የሚያውቁትን አንድ መኪና በሚያውቁት መንገድ ሦስት አራት ዙር ይንዱ። አሴቶ ኮርሳ በሚባለው የመኪና ውድድር ጌም ላይ ፔዳሎቹን የሚያሳየውን ትንሽ መስኮት ይክፈቱ። ከፍሬንና ከነዳጅ መስመሮች ጎን የፎርስ ፊድባክ መስመር አለ፤ ጣሪያ ሲነካ ቀለሙን ይቀይራል። አይሬሲንግ በሚባለው ጌም ላይም ተመሳሳይ መለኪያ አለ፤ አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀይ ይላል። ጥቂት ንጹሕ ዙር ከነዱ በኋላ «አውቶ» የሚለውን ቢጫኑት ጌሙ ራሱ ያስተካክልልዎታል። ይህን ቁልፍ የሚንቁ ሰዎች አሉ። እኔ አልንቀውም፤ በደህና ቦታ ያስጀምራል።

መስመሩ በረጅም ኩርባ ላይ ጣሪያው ላይ ከተኛ ጌይኑን በ5 በ5 ያውርዱ። የመንገዱን ዳር ጠርዝ ሲመቱ ለቅጽበት ብልጭ ብሎ ከተመለሰ ይተዉት፤ ያችን ለማዳን ሲሉ ቀሪውን ሁሉ ማድከም አያዋጣም። እኔ ዘንድ በጥርስ በሚሠራው መሪ አብዛኞቹ መኪናዎች በ70 እና በ80 መካከል ያርፋሉ።

መሪዎ ዳይሬክት ድራይቭ ከሆነ፣ ማለትም መሪው ያለ ጥርስና ያለ ቀበቶ ከሞተሩ ዘንግ ጋር በቀጥታ የተያያዘ ከሆነ፣ ጌይኑን በዚሁ መንገድ አስተካክለው እጅዎ ከደከመ በአምራቹ ሶፍትዌር ያቅልሉት። ጉልበት ስለተረፈው ግማሽ ላይ ቢነዱት የሚጠፋ መልእክት የለም።

ክሊፒንግ፣ ክሊፒንግ የሚሉት ምንድን ነው?

ሰርግ ድንኳን ውስጥ ድምፅ ማጉያው ከአቅሙ በላይ ሲከፈት ሰምተዋል። ዘፋኙም፣ ኪቦርዱም፣ ከበሮውም አንድ ላይ ይንጫረራሉ። ድምፁ ትልቅ ነው፤ ቃሉ ግን አይለይም። ክሊፒንግ ይኸው ነው። ጌሙ «110» ይላል፣ ሞተሩ የሚችለው 100 ነው፤ «130» ይላል፣ ሞተሩ አሁንም 100 ነው። በ110 እና በ130 መካከል የነበረው ወሬ ሁሉ ጠፋ ማለት ነው።

ቤልጂየም ያለውን የስፓ ፍራንኮርሻምፕ የውድድር መንገድ በጌም የነዳ ሰው ኦ ሩዥ የምትባለዋን ቦታ ያውቃታል። መኪናው ቁልቁል ወርዶ ወዲያው ሽቅብ ይታጠፋል። ታች ላይ መኪናው መሬት ላይ ተጫን ስለሚል ጎማዎቹ ከተለመደው በላይ ይሸከማሉ፤ መሪውም በአንዴ ይከብዳል። ጌይንዎ 100 ላይ ከሆነ ከታች እስከ ላይ መሪው አንድ ዓይነት ድንጋይ ነው። ዳገቱ ጫፍ ላይ መኪናው ሲቀልና አፍንጫው ወደ ውጭ ሲንሸራተት ግን ቀድሞ የሚነግርዎት አይኖርም። አጥሩን ሲያዩት ነው የሚያውቁት። ጌይኑን 70 ላይ አድርገው ያንኑ ቦታ ይለፉ፤ ክብደቱ ሲመጣ፣ ሲሞላ፣ ከዚያ ሲሸሽ ሦስቱንም ለይተው ይሰማሉ። እኔ አዲስ ሰው ሲመጣ ከማውራት ይልቅ እዚያ ቦታ ላይ ሁለት ጊዜ እንዲያልፍ አደርጋለሁ።

ማስታወቂያው ላይ ያለው ኒውተን ሜትር በእጅ ሲመዘን ስንት ነው?

ኒውተን ሜትር የመጠምዘዝ ጉልበት መለኪያ ነው። ወደ ኪሎ ለመቀየር ቁጥሩን ለመሪው ግማሽ ስፋት ያካፍሉት። ስፋቱ 28 ሳንቲ ሜትር ከሆነ ግማሹ 0.14 ሜትር ነው። ውጤቱን እንደገና ለ9.8 ሲያካፍሉ ኪሎው ይወጣል።

2 ኒውተን ሜትር ከትንሽ በላይ የሚሰጠው ጂ29 ጠርዙ ላይ አንድ ኪሎ ተኩል ገደማ ይጎትታል። የሞዛ አር5 መሪ 5.5 ኒውተን ሜትር ነው፤ ይህ 4 ኪሎ ያህል ይሆናል። የፋናቴክ ሲኤስኤል ዲዲ በተለመደው የኃይል አቅራቢ 5 ሲሆን በትልቁ 8 ይደርሳል፤ 8 ማለት ወደ 6 ኪሎ ነው። 25 ኒውተን ሜትር የሚሰጡ አሉ፤ ያ 18 ኪሎ ነው፣ ቢጫዋ ባለ 20 ሊትር ጄሪካን ለመሙላት ጥቂት ሲቀራት። ያችን በአንድ እጅዎ አንጠልጥለው አንድ ሰዓት ይቀመጡና ከዚያ ስለ መግዛት እንነጋገር።

አብዛኛው ሰው ከ5 እስከ 8 ባለው መሪ ረክቶ ይኖራል። ከዚያ በላይ የሚከፈለው ገንዘብ መጥፎ ባይሆንም ጅማ ድረስ ለማስመጣት ከሚጠፋው ወጪ ጋር ሲደመር እኔ አልመክረውም። በዚያ ገንዘብ ጥሩ የፍሬን ፔዳል ቢገዙ የዙር ሰዓትዎን ይበልጥ ያሻሽላል።

እኔ እውነተኛ ሾፌር ነኝ። ይህ መሪ ቀለለኝ፤ ውሸት ነው።

ይህን ያለኝ አንድ የአይሱዙ ሾፌር ነው፤ ከአጋሮ ቡና እየጫነ ወደ አዲስ አበባ የሚመላለስ። መሪውን እንደ ጆንያ አፍ ጨብጦ ያዘና ግራ ቀኝ አወዛወዘው። «ይህማ የልጅ ብስክሌት ነው» አለ። እንደፈለገው 100 ላይ አደረግሁለት። ሁለት ዙር እየሳቀ ነዳ። በሦስተኛው ኩርባውን ሳተና ሣር ውስጥ ገባ፤ በአራተኛውም እዚያው። «ምን ነካው?» ብሎ ጠየቀኝ። ምንም አልመለስኩም፤ 72 ላይ አውርጄ «አሁን ሞክር» አልኩት።

ዝም አለ። ኩርባው ላይ ሲደርስ መሪውን በጣም በትንሹ መለስ ሲያደርግ አየሁት፤ መኪናው ተረፈ። ከዚያ ዞር ሳይል «ጊቤ ቁልቁለት ላይ ዝናብ ሲመታ እንዲህ ነው የሚለው፤ እጅህ ላይ ባዶ ይሆናል» አለኝ። እኔ ግማሽ ሰዓት የማወራውን ሰውየው በአንድ አረፍተ ነገር ጨረሰው።

«እውነተኛ» የሚባለው ክብደትም እንደ መኪናው ነው። የዛሬ የጭነት መኪና መሪ አጋዥ አለው። በጂቲ3 ውድድር የሚሮጡትም አላቸው፤ ፎርሙላ 1ም አለው። ኢንዲካር የሚባለው የአሜሪካ የውድድር መኪና የለውም፤ የዚያ ነጂዎች ክንዳቸው ወፍራም የሆነው ያለ ምክንያት አይደለም። እንግዲህ አንድን መሪ ከሌላ ዓይነት መኪና ጋር እያወዳደሩ ቀለለ፣ ከበደ ማለት አያስኬድም። ዩሮ ትራክ ሲሙሌተር 2 የሚባለውን የጭነት መኪና ጌም የሚነዱ ከሆነ ደግሞ ከውድድር ጌሙ ቅንብር ለይተው ያስቀምጡት። አንድ ሰዓት ሙሉ ቀጥ ባለ አስፋልት ለመንዳት ቀለል ያለው ይመረጣል።

«ሴንተሪንግ ስፕሪንግ» የሚለውን ላብራው?

ያጥፉት። ጎማው ምንም ይሁን ምን መሪውን እንደ ላስቲክ ወደ መሃል የሚጎትት ነው፤ የጎማውን ወሬ ይሸፍነዋል። የራሳቸው ፎርስ ፊድባክ ለሌላቸው አሮጌ ጌሞች ብቻ ይጠቅማል።

መሪው መሃል ላይ ሲሆን ባዶ ነው፤ ምንም አይሰማኝም።

በጥርስ የሚሠሩ መሪዎች ሁሉ ያለባቸው ነው። ጌሙ ትንሽ ጉልበት ሲልክ የጥርሶቹ ሰበቃ ይውጠዋል፤ እጅዎ ላይ አይደርስም። ለዚህ «ሚኒመም ፎርስ» የሚባል ቅንብር አለ፤ ትንሹን መልእክት ሰበቃውን እንዲያልፍ ከፍ አድርጎ ያስነሳዋል። ቀጥ ባለ መንገድ እየነዱ አንድ አንድ እያደረጉ ይጨምሩ። መሪው መሃል ላይ ሆኖ እንደ ንብ ጥዝ ማለት ሲጀምር አልፈውታል ማለት ነው፤ ሁለት ይመለሱ። ዳይሬክት ድራይቭ ላይ 0 ይሁን።

ጥንካሬ አነሰኝ ብለው ከመጡት ብዙዎቹ የጎደላቸው ይህ ነበር። ጌይናቸውን ሳልነካ ይህን ብቻ አስተካክዬላቸው «አሁን ጠነከረ» ብለው ሄደዋል።

ቀጥ ብዬ ስሄድ መሪው በራሱ ግራ ቀኝ ይወዛወዛል። ተበላሽቷል?

አልተበላሸም። ሞተሩ መሪውን ወደ መሃል ይመልሳል፤ ጌሙ ያንን አውቆ እስኪመልስለት ትንሽ ይዘገያል፤ በዚያ መሃል መሪው መሃሉን አልፎ ይሄዳል፤ ደግሞ ይመለሳል። ጠንከር ባሉ መሪዎች ላይ ይበዛል። እጅዎን ለስለስ አድርገው ካሳረፉበት ብቻውን ይቆማል። ካልቆመ በአምራቹ ሶፍትዌር ውስጥ «ዳምፒንግ» የሚለውን በጥቂቱ ይጨምሩ። አያብዙት፤ ሲበዛ መሪው ማር ውስጥ የተነከረ ይመስላል፣ ያች መቅለልም ዘግይታ ትደርሳለች።

አያያዝም አለ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ መሪን እንደዚያ የጨበጠ ሰው የሚሰማው የራሱን ክንድ ነው። በጣትዎ ጫፍ ባይሆንም፣ ሲኒ ከሚይዙት ትንሽ ጠበቅ አድርገው ይያዙት።

ጠረጴዛዬ ይንቀጠቀጣል፤ ወንበሬም ይሸሻል።

ይህን ጥያቄ ከጥንካሬው ጋር የማይገናኝ አድርገው የሚያዩት አሉ፤ ግን ዋናው እዚህ ነው። ጠረጴዛው ከመሪው ጋር አብሮ የሚወዛወዝ ከሆነ ሞተሩ የላከውን ጉልበት ጠረጴዛው ይበላዋል። እርስዎም «ደከመ» ብለው ጌይን ይጨምራሉ፤ ጠረጴዛው ይበልጥ ይወዛወዛል።

ጅማ ስለሆንን እንጨት አናጣም፤ አናጢም አናጣም። እዚህ የሚሠራ ጠረጴዛ ጠንካራ ነው፤ ችግሩ ውፍረቱ ነው። ብዙ ጊዜ ከገጹ ሥር ዙሪያውን አግዳሚ እንጨት ይገባለታል፤ የመሪው መቆንጠጫ ደግሞ ያን ያህል አፉን አይከፍትም። እኔ መጀመሪያ በገመድ አስሬው ነበር፤ አይሳቁ። ኋላ አንድ አናጢ ዘንድ ወስጄ የጠረጴዛውን ገጽ ከፊት በኩል በአንድ ጣውላ እንዲያስረዝምልኝ ጠየቅሁት። መቆንጠጫው ያችን ጣውላ ነክሶ ይይዛል። ከመቆንጠጫ ይልቅ ብሎን የሚመርጡ ከሆነ ጂ29 ከሥሩ ሁለት የብሎን ቀዳዳ አለው፤ 6 ሚሊ ሜትር ብሎን ይገባለታል። ጣውላውን በስቶ ማሰር ከሁሉም ይሻላል።

ስለ ወንበር፦ እንደ እኔ የቤት ዕቃ የሚወድ ሰው ባለ ሦስት እግሩን የጅማ በርጩማ ሊሞክር ይችላል። ሞክሬዋለሁ። ቡና ለመጠጣት እንጂ ፍሬን ለመርገጥ አልተሠራም፤ ጠንከር አድርጌ ስረግጥ ወደ ኋላ ወሰደኝና ጀርባዬ ግድግዳው ላይ ቆመ። የፕላስቲክ ወንበርም ይንሸራተታል። አራት እግር ያለው ከባድ የእንጨት ወንበር ከኋላው ግድግዳ እንዲደገፍ አድርገው ያስቀምጡ፤ ለፔዳሎቹም ከፊት አንድ ጣውላ ከግድግዳው ጋር ያጋጥሙ።

መብራት ሲጠፋና ሲመጣ መሪው ምን ይሆናል?

ላፕቶፑ በባትሪው ይቀጥላል፤ መሪው ግን የራሱ የኃይል መስመር ስላለው ይሞታል። ኩርባ ላይ ከሆኑ ጉልበቱ በአንዴ ይጠፋል፤ እሱ ጉዳት የለውም። መጠንቀቅ ያለብዎት መብራት ሲመለስ ነው። እንደ ጂ29 ያለ መሪ እንደበራ መሃሉን ለመፈለግ በራሱ ሙሉ ወደ ግራ፣ ሙሉ ወደ ቀኝ ይሽከረከራል። እጅዎን ያንሱ። ጠረጴዛው ላይ ጀበና ካለ ያንሱት፤ እኔ አንድ ሲኒ በዚህ አጥቻለሁ።

መብራት እንደጠፋ ሶኬቱን መንቀል ይልመዱ። ሲመለስ መጀመሪያ የሚመጣው ኃይል ያልተረጋጋ ሊሆን ይችላል። አምፖሉ ጥቂት ደቂቃ ሳይዋዥቅ ከቆየ በኋላ ይሰኩት። ማረጋጊያ ካለዎት ፍሪጁ ላይ ብቻ አይወስኑት።

ሌሊት ስነዳ ጎረቤት ይቆጣል።

እውነታቸውን ነው። በጥርስ የሚሠራ መሪ የመንገዱን ዳር ጠርዝ ሲመታ እንደ ምስማር ጣሳ ይንኳኳል፤ በጋራ ግቢ ውስጥ ደግሞ ግድግዳው ያደርሰዋል። አከራዬ አንድ ጠዋት «ሌሊት ሌሊት ቡና ትወቅጣለህ እንዴ ልጄ?» ብለው ጠይቀውኛል። ከምሽቱ ሦስት ሰዓት በኋላ የጠርዝና የመንገድ ተጨማሪ ንዝረቶችን 0 አደርጋለሁ። እነዚህ ጌሙ ለማሳመሪያ የሚጨምራቸው ናቸው፤ የጎማው መልእክት ሳይነካ ይቀራል። እንዲያውም ቀን ላይም ሳልመልሳቸው ብዙ ጊዜ እረሳለሁ።

ያገለገለ መሪ ልገዛ ነው። ጥንካሬውን እንዴት ልፈትሽ?

ሻጩ ፊት አምስት ደቂቃ ነድተው አይመለሱ። እኔ እንደዚያ አድርጌ ተቃጥያለሁ። ሻጩ ዘንድ ጉልበቱ ደህና ነበር። ቤት አምጥቼ ግማሽ ሰዓት ስነዳው ሞተሩ ጋለ፤ ሲግል ጉልበቱ እየሟሸሸ ሄደ፤ ሲቀዘቅዝ ተመለሰ። ስለዚህ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት፣ በከፍተኛ ጥንካሬ ይፈትሹት። መጀመሪያም መሪውን ከጫፍ ጫፍ ቀስ ብለው ያዙሩት፤ አንድ ቦታ ላይ ብቻ የሚይዝ ወይም የሚንገጫገጭ ከሆነ የተበላ ጥርስ አለ። ነድተው ሲጨርሱም መሃሉ ከነበረበት ፈቀቅ ማለት አለማለቱን ይመልከቱ።

ልጄ አሥር ዓመቱ ነው። እጁን ይጎዳዋል?

2 ኒውተን ሜትር ያለው መሪ በጣም ካልተላፉበት አይጎዳም። ዳይሬክት ድራይቭ ግን መጫወቻ አይደለም። ከአጥር ጋር ሲጋጭ መሪው ድንገት ይገለበጣል፤ በመሪው ውስጥ የተሻገረ አውራ ጣት ሊሰበር ይችላል። ለልጅ ሩብ ላይ ያድርጉት፤ አውራ ጣቱ ከውስጥ ሳይጠመጠም ጠርዙ ላይ እንዲያርፍ ያስተምሩት። ማጥፊያ ቁልፉም እጁ የሚደርስበት ቦታ ይሁን። አዋቂም ቢሆን የእጅ አንጓው ጠዋት ላይ ካመመው ጥንካሬው በዝቷል።

ለእያንዳንዱ መኪና መቀየር አለብኝ?

ብዙ ጊዜ አዎ። አንዱ መኪና 75 ላይ ጣሪያ ሲነካ ሌላው 90 ላይ ገና ይፈልጋል። አሴቶ ኮርሳ ላይ እየነዱ በቁጥር ሰሌዳው የመደመርና የመቀነስ ቁልፍ ለዚያ መኪና ብቻ መቀየር ይቻላል። ኮምፒውተሩ አንድ ቀን ሲጸዳ ግን ሁሉም ይጠፋል። የእኔ ቁጥሮች ግድግዳዬ ላይ ካለው ካሌንደር ጀርባ በእርሳስ ተጽፈዋል፤ ሊሞክሩ የመጡ ልጆችም ከጎኑ የራሳቸውን ጽፈዋል። አንዱ «100» ብሎ ጽፎ ሰርዞት «74» ብሏል።